አልከፈት ያለ የሞተር ኮፈን
በአሮጌ ኦቶሞቢል ላይ ኃይል ከሚያደርሰው ጉዳት ትዕግሥት ስለሚያድነው ንብረት

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ኪሳራ የሚያገኘው ሁልጊዜ በታላቅ አደጋ አይደለም። የመጋዘን ቁልፍ ዝጎ አልዞር ሲል፥ የሚዛን ምላስ ሲጣመም፥ የከረጢት ስፌት ሲላላ፥ ማንም ልብ ሳይለው ገንዘብ ይባክናል። ዛሬ ለአንባቢዎች የምናቀርበው ጉዳይም እንደነዚህ ካሉት ጥቃቅን ነገሮች አንዱ ነው፤ ይኸውም የአሮጌና የተከበረ ኦቶሞቢል የሞተር መክደኛ፥ መካኒኮቻችን ከኢጣልያንኛው ወስደው ኮፈን የሚሉት፥ መቀርቀሪያው ተጣብቆ አልከፈት ባለ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ኦቶሞቢሉ የነጋዴው ንብረት ነው፤ የሚጎዳውም የነጋዴው ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ዘመኑ አሮጌውን ኦቶሞቢል ከቀድሞው ይልቅ ውድ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ኦቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ ኦቶሞቢል በቀላሉ የሚተካ አይደለም። የማይተካ ዕቃ ደግሞ ማናቸውም ሰው ብረት ይዞ እየመጣ ሊፈለቅቀው አይገባም።

ስለ ኦቶሞቢሉ ዘር

ሞተራቸው ከኋላ የሆነ የእስፖርት ኦቶሞቢሎች ሲነሡ በዓለም ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ፖርሼ ነው። ፖርሼ 356 የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር ጉሙንድ በተባለች ከተማ መሠራት ጀመረ፤ ተከታዩ ፖርሼ 911 እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በፍራንክፈርት የኦቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ፖርሼ 356 በተጀመረ ጊዜ ብዙዎቹ የሞተርና የእግር ክፍሎቹ የተወሰዱት ከቮልስዋገን ነበር። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቮልስዋገንን የነደፉት ኢንጂነር ፌርዲናንድ ፖርሼ ሲሆኑ፥ 356ን ያወጡት ደግሞ ልጃቸው ፌሪ ፖርሼ ናቸው። ሁለቱ ኦቶሞቢሎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

የእስፖርቱ ወንድም በአገራችን ጎዳና ላይ እምብዛም አይታይም። ሕዝብ የተሸከመው ወንድሙ ግን፥ እኛ በአጭሩ ቮልስ የምንለው፥ በአዲስ አበባ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ዛሬም በየጎዳናው ሲሄድ ይታያል፤ ወጣቶችም ገዝተው እያደሱ ይነዱታል። በመላው ዓለም የተሠራው ብዛት 21,529,464 ሲሆን፥ የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቮልስ አልተሠራም። ስለዚህ በቮልስ ላይ የምንነግረው ምክር ለፖርሼውም ለሌላውም አሮጌ ኦቶሞቢል ይሆናል፤ ልዩነታቸውን በየቦታው እንጠቅሳለን።

የተዘጋ ኮፈን የሚያስከትለው አደጋ

ቮልስ ውሃና ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በማራገቢያ የሚገፋ አየር ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ከዲናሞው ጋር የተያያዘው አንዱ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ በመንገድ ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፤ በዚያ ጊዜ በሾፌሩ ፊት ቀዩ መብራት ይበራል። ሾፌሩ ወዲያው ካልቆመ ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ይበላሻል። ቆሞም ኮፈኑን መክፈት ካልቻለ፥ መለወጫ ቺንጋ በእጁ ቢኖር እንኳ አይረባውም።

ስለ ዘይቱም እንዲሁ ነው። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የሚያጠራውም ተራ ወንፊት ነው። መለኪያው ዘንግ ከኮፈኑ ሥር ስለ ሆነ፥ ኮፈኑ ካልተከፈተ የዘይቱ መጠን ሊታወቅ አይችልም። ከሁሉም የሚከፋው ግን እሳት ነው። የቤንዚኑ ፓምፕ፥ ካርቡራተሩና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። የደረቀ የቤንዚን ጎማ ፈንድቶ እሳት ቢነሣ፥ እሳት ማጥፊያ የያዘው ሰው ከተዘጋው ኮፈን ውጭ ቆሞ ከማየት በቀር ብዙ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ «ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ኮፈኑ ይዘጋ» ብሎ በዚያው መንዳት ብልህነት አይደለም።

መቀርቀሪያው የሚሠራበት ዘዴና የሚጣበቅበት ምክንያት

መቀርቀሪያ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሚነክሰው መንጠቆ ነው፤ ሁለተኛው መንጠቆው የሚይዘው፥ በኦቶሞቢሉ አካል ላይ የታሰረው ቀለበት ወይም ዘንግ ነው፤ ሦስተኛው መንጠቆውን የሚያስለቅቀው እጀታ ነው። በመካከላቸው መንጠቆውን ወደ ቦታው የምትመልስ ሞላ አለች። በቮልስ የኋላ ኮፈን ላይ እጀታው ከውጭ ነው፤ በቀደሙት ሞዴሎች የሚጠመዘዝ፥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ደግሞ በአውራ ጣት የሚጫን ነው። በፖርሼ 911 ግን እጀታው ከውስጥ ሆኖ ኃይሉ ወደ መቀርቀሪያው የሚደርሰው በካቦ ነው። የቮልስም የፊት መክደኛ እንዲሁ በካቦ ይከፈታል።

እነዚህን ክፍሎች የሚያጣብቋቸው አቧራና እርጥበት ናቸው። በበጋ የሚነሣው አቧራ በአሮጌው ግራሶ ላይ ተለጥፎ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ በክረምት ዝናብ ሲገባበት ይረጥባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ሞላዋን አሥሮ ይይዛታል። የእንጅባራ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክረምታችን ረጅም፥ ዝናባችንም ብርቱ ነው። ኦቶሞቢል ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይከፈት በግቢ ውስጥ ከቆመ መቀርቀሪያው ሊዝግ እንደሚችል መጠበቅ ይገባል። ሌላው ምክንያት ግጭት ነው። ኦቶሞቢሉ ከኋላው ትንሽ የተነካ እንደ ሆነ፥ ቀለሙ ሳይላጥ እንኳ፥ ቀለበቱ ከቦታው በጥቂት ሚሊሜትር ፈቀቅ ሊል ይችላል። በዚያ ጊዜ መንጠቆው በጎን ተጨንቆ ስለሚይዝ፥ እጀታው ቢጫንም አይለቅም።

በእንጅባራ የደረሰ አንድ ነገር

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በቅርቡ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ቮልስ አለቻቸው። ክረምቱን ሁሉ በመጋዘኑ ጥግ፥ በድንች ከረጢትና በማር ጣሳ መካከል ቆማ ከረመች። ከመስቀል በኋላ የአዲስ አበባ ሰው ሊገዛት ፈለገ፤ በዋጋም በስልክ ተስማሙ። ገዢው ግን አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፤ ይኸውም የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ እንደማይከፍል ነው። የሻንሲው ቁጥር በኋላው መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ በቀላሉ ተነበበ። የሞተሩ ቁጥር ግን በሞተሩ አካል ላይ፥ ከዲናሞው ሥር የተቀረጸ ነው። ያን ለማየት ኮፈኑ መከፈት አለበት፤ ኮፈኑ ደግሞ አልከፈት አለ። ገዢው የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነበር።

አንድ ወጣት መካኒክ ተጠርቶ መጣ። መጫኛውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆን ሲለው፥ ረጅም ፈልቃቂ ብረት ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣና፥ «ጋሼ፥ ይፍቀዱልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ባደርጋት ትለቃለች» አለ። ነጋዴው የቀኑ ማጠር አስጨንቋቸው ስለ ነበር ሊፈቅዱለት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በዚህ መካከል በካሚዮን ጥገና ያረጁ አንድ ሌላ መካኒክ፥ በቻግኒ መንገድ የሚሠራ የጭነት መኪና ሊያዩ መጥተው ኖሮ፥ ድምፁን ሰምተው ቀረቡ።

«ተው ልጄ!» አሉት። «ብረቱን ከየትኛው ጎን ልታስገባው ነው?»

«ከታች፥ ከመቀርቀሪያው አጠገብ።»

«መንጠቆው ካልለቀቀ ምን ይሆናል?»

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው ራሳቸው መለሱለት። «ላሜራው ይታጠፋል። ባትላሜራ ይቀጠቅጠዋል፤ ስቱኮ ይለቀለቃል፤ ቀለም ይቀባል። ገዢው ግን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያውቀዋል። ለአንዲት ሞላ ብለህ የእኒህን ሰው ዋጋ ታወርዳለህ።» ከዚያም ወደ ነጋዴው ዞር ብለው፥ «ጌታዬ፥ ሰውየው መቼ ነው የሚደርሰው?» ብለው ጠየቁ። «ከነገ ወዲያ» ሲሏቸው፥ «እንኪያስ ጊዜ አለን፤ ዛሬ ዘይት ይጠጣ፤ ነገ እንከፍተዋለን» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። በመጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ አስነሥተው የባትሪውን ሽቦ ፈቱ፤ በቮልስ ላይ ባትሪው ያለው ከኋላው መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ ኮፈኑ ቢዘጋም ይህን ማድረግ ይቻላል። ቀጥሎ በመጫኛው ዙሪያና በኮፈኑ የታችኛ ክፍተት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ይህንንም በዚያን ዕለት ሦስት ጊዜ ደገሙት። በማግስቱ ወጣቱን በሁለት መዳፉ ኮፈኑን ወደ ታች እንዲጫን አዘዙት፤ እርሳቸው በእንጨት መዶሻ እጀታ በመቀርቀሪያው ዙሪያ ቀስ እያሉ እየመቱ መጫኛውን ይሞክሩ ጀመር። ለብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ልጁ ክንዱ ሲዝል ቦታውን ለወጡትና ወደ ግራ ጠጋ ብሎ እንዲጫን ነገሩት። በዚያ ጊዜ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ኮፈኑም ተነሣ።

ምክንያቱ ሲታይ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሞላዋ በደረቀ ግራሶና በጭቃ ታስራ ነበር፤ ቀለበቱም ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ነበር። ነጋዴው ሲያስቡት፥ ከክረምቱ በፊት አንድ የፈረስ ጋሪ ወደ ኋላ ሲመለስ መንኮራኩሩ የኦቶሞቢሏን ኋላ እንደ ነካ ትዝ አላቸው፤ ቀለሙ ስላልተላጠ ያን ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረውም ነበር። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ገዢው በቀኑ ደርሶ ኦቶሞቢሏን ዙሪያዋን መረመረ፤ የተቀጠቀጠ ላሜራ ስላላገኘም የተስማሙበትን ዋጋ ሳይቀንስ ከፈለ።

የአከፋፈቱ ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተነገረው ነገር የሚወጣውን ትምህርት ለማንኛውም ባለ ኦቶሞቢል እንዲጠቅም በተራ እናስቀምጠዋለን።

1ኛ/ ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠበቅ፤ የባትሪው ሽቦ ይፈታ። ዝገት የሚያላቅቁ ዘይቶች አብዛኞቹ በእሳት የሚያያዙ ስለ ሆኑ በአጠገቡ ሲጋራ አይጨስ።

2ኛ/ የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ በእጅና በጆሮ ይመርመር። እጀታው ሲጫን ወይም ሲሳብ ጠንክሮ የሚመልስ ከሆነ መንጠቆው ተጣብቋል ወይም ተጨንቋል። እጀታው ያለ ምንም ክብደት ላላ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ካቦው ተበጥሷል ወይም ከመያዣው ወልቋል። እጀታው ሲሠራ የመንጠቆው ድምፅ እየተሰማ ኮፈኑ ብቻ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ፥ ዙሪያውን የሚያትመው ጎማ በሙቀት ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በሽታዎች ሦስት መድኃኒት አላቸው፤ ሳይለዩ መጀመር ድካምን ያበዛል።

3ኛ/ ዘይቱ ይግባ፤ ጊዜም ይሰጠው። ለዚህ ሥራ በዓለም ገበያ የታወቀው ደብልዩ ዲ ፎርቲ የተባለው ቅመም እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ የተሠራ ነው፤ ስሙም «ውሃን የሚያስወግድ፥ አርባኛ ሙከራ» ማለት ነው። እርሱ ባይገኝ ነጭ ጋዝ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በመርፌ ቢገባ ይረዳል። የፍሬን ዘይት ግን ከቶ አይሞከር፤ የኦቶሞቢሉን ቀለም ያበላሻልና።

4ኛ/ ኮፈኑ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይጫን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ወደ ላይ የተሳበ ኮፈን መንጠቆውን በቀለበቱ ላይ የባሰ ያጠብቀዋል፤ ወደ ታች የተጫነ ግን ጭነቱን ያቃልልለታል። ስለዚህ አንዱ ሰው ሲጫን ሌላው እጀታውን ይሥራ፤ ተጫኙም አንድ ጊዜ ወደ ግራ፥ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይጠጋ።

5ኛ/ መምታት ካስፈለገ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ፥ በመካከሉም ጨርቅ ተደርጎ፥ ቀስ ብሎ ይሁን። የምቱ ዓላማ ዝገቱን ማናወጥ ነው እንጂ ኮፈኑን ማስገደድ አይደለም።

6ኛ/ ዙሪያው ጎማ የተጣበቀ እንደ ሆነ፥ ቀጭን የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ስለት በሳሙና ውሃ ተነክሮ በክፍተቱ ዙሪያ ይዙር። ካቻቢቴ ግን ቀለሙን ይልጣል፤ ጎማውንም ይቀዳል።

ካቦ በተበጠሰ ጊዜ

በካቦ የሚከፈት ኮፈን የሆነ እንደ ሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በእጀታው አጠገብ ነው። ካቦ የሚበጠሰው በሚታጠፍበትና በሚታሰርበት ጫፍ ነውና። ስለዚህ እጀታው ተፈቶ የካቦው ጫፍ ከሽፋኑ ውስጥ ጥቂት ብቅ ብሎ ከታየ በፒንሳ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳብ፤ በዚሁ ጊዜ ሌላ ሰው ኮፈኑን ወደ ታች ይጫን። ብዙዎች ኦቶሞቢላቸውን በዚህ ብቻ አድነዋል።

ካቦው በመቀርቀሪያው በኩል የተበጠሰ ከሆነ ግን ከሥር መግባት ያስፈልጋል። ኦቶሞቢሉ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ይደረግለት፤ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። ከዚያ በኋላ በእጅ ባትሪ መብራት እየታየ፥ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ጠንካራ ሽቦ የመቀርቀሪያው ምላስ ይፈለጋል። ከኋላ ሞተር ባላቸው ላይ የጭስ ማውጫውና የቆርቆሮ ሽፋኖቹ መንገድ ስለሚዘጉ ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም ላሜራ ከመቅጠፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሳይሳካ ቢቀር በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት የመጨረሻው መንገድ ነው። ይህም መደረግ ያለበት ያንኑ ሞዴል አስቀድሞ ከፍቶ ባየ መካኒክ፥ የመቀርቀሪያውን ቦታ ከሌላ ተመሳሳይ ኦቶሞቢል ላይ በለካ፥ በማይታይም ስፍራ፥ ለምሳሌ ከታርጋው በስተኋላ ነው። በስተጀርባው የቤንዚን ጎማ ወይም ሽቦ መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ መብሳት እሳትን መጥራት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቮልስ የፊት መክደኛ አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1968 ዓ.ም. ሞዴል በፊት በተሠሩት ቮልሶች ላይ የቤንዚኑ መቅጃ አፍ ከፊት መክደኛው ሥር ነው። ስለዚህ የፊቱ ካቦ የተበጠሰባት ኦቶሞቢል ሞተሯ ምንም ቢሆን ጤነኛ፥ ቤንዚን ሊቀዳላት ስለማይችል ባለችበት ትቆማለች። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ ይህ በመንገድ ላይ ቢደርስ ምን ማለት እንደ ሆነ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከተከፈተ በኋላ

ኮፈኑ በተከፈተ ጊዜ ደስ ብሎት መልሶ የሚዘጋው ሰው ችግሩን ለሌላ ቀን ቀጥሮታል። መጀመሪያ መቀርቀሪያው ተፈቶ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፤ አሮጌው ግራሶ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ሞላዋ የዛገች ወይም የደከመች ከሆነች ትለወጥ። ደርቆ ከተጠረገ በኋላ አዲስ ግራሶ በስሱ ይቀባ፤ ዝገት የሚያላቅቀው ዘይት ቀጭን ስለ ሆነና ቶሎ ስለሚጠፋ የግራሶን ቦታ አይተካም። ካቦው አንድ ክሩ እንኳ የተፈታ ከሆነ ሳይበጠስ ይለወጥ።

ቀጥሎ ቀለበቱ ይስተካከል። ብሎኖቹ ላላ ተደርገው ኮፈኑ በዝግታ ወደ ታች ሲወርድ መንጠቆው በቀለበቱ መካከል መግባቱ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ይጥበቁ። ኮፈኑ ተደብድቦ የሚዘጋ ከሆነ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። በመጨረሻም በካቦ በሚከፈቱት ላይ አዋቂዎች የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ማድረግ መልካም ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ቀጭን ሽቦ ከመቀርቀሪያው ምላስ ጋር አስሮ ጫፉን በማይታይ ነገር ግን እጅ በሚደርስበት ቦታ መደበቅ ነው። ዋናው ካቦ ቢበጠስ ይህ ያድናል። ቦታውን ግን ከባለቤቱና ከሾፌሩ በቀር ሌላ ሰው ባያውቀው ይሻላል።

ለባለ ሱቆች፥ ለአስመጪዎችና ለገዢዎች

ስለ መካኒኩ ሥራ ይህን ካልን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ዋና መንገድ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ ከእንጅባራም ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በየቀኑ ኦቶሞቢልና ካሚዮን በደጃችን ያልፋል። ባለ መለዋወጫ ሱቆች ግን ገንዘባቸውን የሚያውሉት በትልልቁ ዕቃ፥ በጎማና በባትሪ ላይ ነው፤ መንገደኛው በተቸገረ ጊዜ ተሯሩጦ የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹን ነው። ልዩ ልዩ ርዝመት ያለው የካቦ ሽቦና የጫፍ ማሰሪያው፥ ሞላ፥ የኮፈን ዙሪያ ጎማ በሜትር፥ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፥ በትንሽ ቆርቆሮ የታሸገ ግራሶ፥ ቺንጋ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚያልቁ ናቸው። ቦታ አይፈጁም፤ አይበሰብሱም፤ የሚጠይቁት ካፒታልም ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። እነዚህን አሟልቶ የያዘ ሱቅ ደግሞ ለትንሹ የመጣው ደንበኛ ለትልቁም እንዲመለስ ያደርገዋል።

አስመጪዎችም ቢሆኑ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቮልስ ፋብሪካ ሥራ ከቆመ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፥ ኦቶሞቢሉ በየአገሩ ስለሚወደድ፥ መቀርቀሪያውን፥ ካቦውንና ጎማውን አስመስለው የሚሠሩ ድርጅቶች ዛሬም በውጭ አገር አሉ። ጥቂት ቈጥሮ ለማዘዝ ለአንድ ባለ ኦቶሞቢል ይከብደዋል፤ የብዙዎችን ፍላጎት ሰብስቦ በአንድ ላይ ለሚያዝ ነጋዴ ግን አይከብደውም። በምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሞዴሉ ዓመት መሠረት መቀርቀሪያው ስለሚለያይ፥ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጊዜ የኦቶሞቢሉ ዓመትና የሻንሲ ቁጥር ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። «የቮልስ መቀርቀሪያ» ብቻ ብሎ ያዘዘ ሰው የማይገጥም ዕቃ ተረክቦ ከሻጭ ጋር ይጣላል።

አሮጌ ኦቶሞቢል ለሚገዛም ሰው አንድ ምክር አለን። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ከማሰማቱ በፊት ኮፈኑን ራስዎ እንዲከፍቱት ይጠይቁ። በቀላሉ ተከፍቶ በቀላሉ የሚዘጋ ኮፈን ባለቤቱ ዘይት ይለካ እንደ ነበር ይመሰክራል። በሁለት ሰው ኃይልና በሽቦ የሚከፈት ከሆነ ግን፥ ከመቀርቀሪያው በስተጀርባ ያለውም ሞተር ምን ያህል እንክብካቤ እንዳገኘ መጠርጠር ይገባል። ጠርዙ የታጠፈና ስቱኮ የተለቀለቀ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቸኳይ ሰው በብረት እንደ ፈለቀቀው ይወቁ፤ ዋጋውንም እንደዚያው ይቀንሱ።

ከእንግዲህ በመጋዘናችሁ ጥግ ለክረምት የምታቆሟት ኦቶሞቢል ካለች፥ በወር አንድ ጊዜ ኮፈኗን ከፍታችሁ ዝጉት። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ንብረት ግን በሥራው ልክ የሚገመት አይደለም።